ኬሮ፣ ኢሊኖይ፦ ሁለቱ ወንዞች መሃል ያለችውን ከተማ የሚያውቅ አለ?

መንገደኛው ጻፈ፦

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት አመሻችሁ። ይህን የምጽፈው ሚዙሪ ውስጥ ከአንድ ትራክ ስቶፕ ነው። መሽቷል፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

ከቺካጎ ተነስቼ በአይ-57 አውራ ጎዳና ወደ ሜምፊስ እየወረድኩ ነበር። ይህን መንገድ ስንቴ ተመላልሼበታለሁ። ኢሊኖይ ሊያልቅ ሲል፣ ሚሲሲፒን ከመሻገራችሁ በፊት «ካይሮ» የሚል ታፔላ አለ። ሁልጊዜ አየዋለሁ፣ ሁልጊዜ አልፈዋለሁ። የአባይ አገር ልጅ ነኝና ስሙን ባየሁ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። ዛሬ ተሳቢ አልያዝኩም፣ ሰዓትም ነበረኝ። ወጣሁ።

ወደ ከተማዋ የሚገባው በግድብ ውስጥ በተከፈተ መተላለፊያ ነው። ከላይ የባቡር ሐዲድ አለ። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የአፈር ግድብ ነው። ከበላዩ ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ ትልቅ የብረት በር ተሰቅሏል። ጎርፍ ሲመጣ በሩን ለቀው ከተማዋን እንደ ድስት ይከድኗታል ማለት ነው።

ከዚያ ሰፊ ጎዳና ተቀበለኝ። ትልልቅ ዛፎች፣ ቤተ መንግሥት የሚያክሉ የድሮ ቤቶች። ጥቂት እንደነዳሁ ግን ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ኮሜርሻል የሚባለው ጎዳና ገበያው የነበረበት ነው። አንዱ ሕንፃ ቆሟል፣ አጠገቡ ያለው ፈርሶ ሣር በቅሎበታል፣ ቀጥሎ ያለው ጣራ የለውም። ሞተር አጥፍቼ ቆምኩ። የሰው ድምፅ አልሰማሁም።

መጨረሻዋ ላይ ሁለቱ ወንዞች ይገናኛሉ። ኦሃዮ በአንድ በኩል፣ ሚሲሲፒ በሌላ በኩል። ውሃቸው ቶሎ አይዋሃድም። አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ጠራ ያለ ሆኖ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንድ ጥቁር ሽማግሌ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ሰላም ብያቸው «ካይሮን ላይ ብዬ ነው የመጣሁት» ስላቸው ፈገግ አሉና «ኬሮ» ብለው አረሙኝ። ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ስሙን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያውቁት ነገሩኝ።

ከተማዋ ምን እንደነካት ልጠይቃቸው ብዬ አፈርኩ። ሰው ቤት ገብቶ «ቤታችሁ ለምን ፈረሰ?» እንደማለት ሆነብኝ። እናንተን ልጠይቅ። ምንድን ነው የደረሰባት? ጎርፍ ነው?

ሰላም ከሴንት ሉዊስ መለሰች፦

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባህ። እኔም ከባለቤቴ ጋር አንድ ጊዜ አልፌባታለሁ። ልጆቹ ሽንት ቤት ፈልገው ነበር፤ የሚቆምበት ቦታ አጣን። እኔም ጎርፍ የበላት መስሎኝ ነበር። ካለችበት ቦታ አንፃር ሌላ ምን ሊባል ይችላል? የሚያውቅ ሰው ይንገረን፣ እኔም እከታተላለሁ።

ታሪክ ወዳጅ መለሰ፦

መንገደኛው፣ ጥሩ ቦታ ነው የቆምከው። ስለዚህች ከተማ ብዙ ዓመት አንብቤያለሁና የማውቀውን ላካፍል። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

በስሙ አልተሳሳትክም። ከግብፅ ዋና ከተማ ነው የተወሰደው። በ1818 ጆን ኮሚጊስ የሚባል ነጋዴ መሬቱን ገዛና ቦታው የግብፅን ካይሮ ይመስላል ብሎ ስሙን አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ፣ ስሙ ግን ቀረ። አካባቢውን ሁሉ እስከ ዛሬ «ትንሿ ግብፅ» ይሉታል። አጠገቧ ቴብስ የምትባል ከተማ አለች፣ ካርናክ የምትባልም አለች።

ካርታ ዘርግታችሁ ብታዩ የነጋዴው ጉጉት ይገባችኋል። የሰሜን አሜሪካ ሁለት ግዙፍ ወንዞች የሚገናኙበት ነጥብ ነው። ከፒትስበርግ የሚወርድ ዕቃ በዚያ ያልፋል። ከሴንት ሉዊስ የሚወርደውም በዚያ ያልፋል። በ1830ዎቹ ሁለተኛ ኩባንያ ተቋቁሞ ከለንደን ገንዘብ ተበድሮ ሞከረ፤ እሱም ከሰረ። ከተማዋ በደንብ የቆመችው በ1850ዎቹ የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ሲመጣላት ነው።

ቀጥሎ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። እዚህ ላይ ካርታውን እንደገና እዩት። ኢሊኖይ ባርነት የሌለባት ግዛት ናት። ኦሃዮን ስትሻገር ኬንታኪ ነው፤ እዚያ ባርነት አለ። ሚሲሲፒን ስትሻገር ሚዙሪ ነው፤ እዚያም አለ። ኬሮ በሁለት የባርነት ግዛቶች መሃል እንደ ጦር ጫፍ ገብታለች። የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት በመስከረም 1861 እዚያ ሰፈረ። በቀጣዩ የካቲት የደቡብን ምሽጎች ለመስበር በወንዝ የተንቀሳቀሰው ከዚያ ተነስቶ ነው። ከደቡብ ያመለጡ ባሮች በሺዎች ሆነው ወደ ሠራዊቱ ሰፈር ጎረፉ። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ጥቁር ነዋሪዎች የዘር ሐረግ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መንገደኛው፣ ያገኘሃቸው ሽማግሌ ቅድመ አያትም ምናልባት በዚያው ወንዝ ተሻግረው የመጡ ይሆናሉ።

በ1920 ቆጠራ 15,203 ሰው ነበራት። በ2020 1,733። ከዘጠኝ ሰው ስምንቱ የለም።

ጎርፍ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። በጥር 1937 ኦሃዮ እንደዚያ ጊዜ ሞልቶ አያውቅም ነበር። ጎረቤቷ ፓዱካ ሕዝቧን ሁሉ አውጥታ በውሃ ተዋጠች። ኬሮ ላይ ውሃው 59.5 ጫማ ደረሰ። ከተማዋ ግን ግድቧን ከፍ አድርጋ ደረቅ ሆና ወጣች። ከዚያም ወዲህ ያ ግድብ አላሳፈራትም።

የድሬ ልጅ መለሰ፦

ታሪክ ወዳጅ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ የምጨምረው ስለ ባቡር ነው፤ ያደግኩት ድሬዳዋ ነውና ይህ ነገር ያመኛል።

ኬሮ የቆመችው ሰውና ዕቃ እዚያ ሲደርስ መቆም ስላለበት ነው። ከጀልባ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ ጀልባ። ሲቆም ይበላል፣ ያድራል፣ ያወርዳል፣ ይጭናል። ሆቴሉም፣ ወዛደሩም፣ ባለ ሱቁም የሚኖረው በዚያች መቆም ነው። እስከ 1889 ድረስ ባቡሮች ኦሃዮን የሚሻገሩት ፉርጎዎቹ በጀልባ ላይ ተጭነው ነበር። አስቡት፣ ፉርጎ በጀልባ! በዚያ ዓመት ትልቁ የባቡር ድልድይ ተሠራ። በ1929 በሚሲሲፒ ላይ፣ በ1938 ደግሞ በኦሃዮ ላይ የመኪና ድልድይ ሆነ። ጀልባዎቹ ሥራ ፈቱ። በ1978 የአይ-57 ድልድይ ሲከፈት መንገዱ ራሱ ከተማዋን በጎን ትቷት ሄደ። መንገደኛውም ስንት ዓመት ያለፋት በዚሁ ድልድይ ነው።

የሚያቆም ነገር ሲጠፋ ከተማ ይጠፋል። ድሬ ባቡሩ ሲዳከም ከዚራ ሰፈር እንዴት ጭር እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ያኔ ባቡሩ ሲጮህ ሰዓት እንቆጥር ነበር።

ነርሷ ከካርቦንዴል መለሰች፦

ሁላችሁም ያላችሁት ልክ ነው። ግን ዋናው ቀርቷል። ይቅርታ አድርጉልኝና ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

እኔ የቤት ለቤት ነርስ ሆኜ በዚያ አካባቢ ሠርቻለሁ። ኬሮ ውስጥ የማያቸው አንዲት እናት ነበሩ። የስኳር ሕመም ነበረባቸው። እግራቸውን አጥቤ ቁስላቸውን ስጠርግ ያወሩኛል። ከተማዋ በ1980ዎቹ ሆስፒታሏን አጥታለች፤ ምጥ የያዛት ሴት እንኳ ወደ ሌላ ከተማ ወይ ወደ ሌላ ግዛት ነው የምትሄደው። እኔንም የላከኝ ያው እጦት ነው። እኒያ እናት በሳምንት የሚያዩት ሰው እኔ ብቻ የሆንኩባቸው ጊዜዎች ነበሩ።

አንድ ቀን በመኪናዬ ወስጃቸው ስንመለስ በአንድ ባዶ ቦታ በኩል አለፍን። «እዚህ ነው መዋኛው የነበረው» አሉኝ።

የመዋኛ ገንዳው ለነጮች ብቻ ነበር። የግል ክለብ ነው ይባል ነበር፤ ነጭ ሲመጣ ገብቶ ይዋኛል፣ ጥቁር ሲመጣ የአባልነት ካርድ ይጠየቃል። በ1962 ወጣቶች ተሰብስበው በሩ ላይ ተቃውሞ ጀመሩ። ከደቡብ የመጡ የተማሪዎች ንቅናቄ ልጆችም አብረዋቸው ነበሩ። ጆን ሉዊስ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የሆነው። ገንዳው ፊት ለፊት ተንበርክኮ ሲጸልይ ዳኒ ላየን ያነሣው ፎቶ አለ። ፈልጋችሁ እዩት። ቀጥሎ የሆነው ምን ይመስላችኋል? በቀጣዩ ዓመት ገንዳው ለሁሉም ተዘጋ። በኋላም በሲሚንቶ ተሞላ። የራሳቸው ልጆችም ሳይዋኙ ቀሩ። የጥቁር ልጆቹ እንደ ድሮው ወንዙ ውስጥ ቀጠሉ፤ ሚሲሲፒ ደግሞ የሚቀለድበት ወንዝ አይደለም።

በሐምሌ 1967 ሮበርት ሀንት የሚባል የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር ፈቃድ ወጥቶ ከተማዋ ውስጥ ሳለ ፖሊስ ያዘው። እስር ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ተገኘ። ራሱን ገደለ ተባለ። ከጥቁሩ ሕዝብ ያመነ አልነበረም። ከተማዋ ተቃጠለች፣ ናሽናል ጋርድ ገባ። ከዚያ በኋላ ነጭ ነዋሪዎች ታጥቀው «ነጭ ባርኔጦች» የሚባል ቡድን አቋቁመው በየመንደሩ መዞር ጀመሩ። ሌሊት ተኩስ የሚሰማበት ጊዜ ነበር። እኒያ እናት ልጆቻቸውን መሬት ላይ ከግድግዳ በታች ያስተኙ እንደነበር ነግረውኛል። አልጋ ላይ አይተኛም ነበር።

በ1969 ጥቁሮቹ «ዩናይትድ ፍሮንት» የሚባል ኅብረት መሠረቱ፤ የመራቸው ቄስ ቻርልስ ኮን ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር። ስንገዛ ብራችንን ተቀብላችሁ ልጆቻችንን ለምን አትቀጥሩም? ቢያንስ አንድ ሂሳብ ተቀባይ፣ አንድ ሻጭ። እምቢ ሲሏቸው ከነጭ ሱቅ መግዛት አቆሙ። ዓመታት ቆዩበት። ባለ ሱቆቹም አልቀጠሩም። ብዙዎቹ ዘግተው ሄዱ።

መንገደኛው፣ ኮሜርሻል ጎዳና ላይ ያየኸው ባዶ ቦታ አንድ ክፍሉ ይህ ነው። አንዲት ልጅ ካዝና ላይ ከምትቀመጥ ሱቁ ይዘጋ ብለው የዘጉት ነው። ግድቡ ውሃውን ከውጭ ያዘ፤ ያጠፋት ከውስጥ ነበር።

ሰላም ከሴንት ሉዊስ መለሰች፦

እህቴ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ገንዳ በሲሚንቶ? በገዛ ገንዘባቸው የሠሩትን?

ታሪክ ወዳጅ መለሰ፦

ነርሷ፣ ከእኔ መጽሐፍ ሁሉ የአንቺ ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ነገሩ በ1960ዎቹ አልጀመረም።

በኅዳር 1909 በዚያችው ኮሜርሻል ጎዳና ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ ዊሊያም ጄምስ የሚባል ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ ገደለ። አንዲት ነጭ ወጣት ገድሏል ተብሎ ተከሶ ነበር። ከሸሪፉ እጅ ነው የወሰዱት። ዝርዝሩን አልጽፈውም፤ ልጆችም ያነቡታል። የዚያኑ ሌሊት አንድ ነጭ እስረኛም ጨመሩ።

ቺካጎ ያለችው ጋዜጠኛ አይዳ ቢ ዌልስ ይህን ሰማች። በኢሊኖይ ሕግ እስረኛውን ለመንጋ ያስረከበ ሸሪፍ ሥልጣኑን ያጣል። ይኼኛው ግን «አቅሜን ሁሉ ተጠቅሜያለሁ» ብሎ ሥልጣኑ እንዲመለስለት አመልክቷል። የባሰው ደግሞ የከተማዋ ጥቁር ታዋቂ ሰዎችም ደብዳቤ ጽፈውለታል። አይዳ መሄድ አልፈለገችም ነበር። ደክሟት ተኝታ ሳለ ልጇ ቀስቅሶ አንቺ ካልሄድሽ ማን ይሄዳል ብሎ እንደጠየቃት ራሷ ጽፋለች። ሄደች። ብቻዋን። ቤት ለቤት ዞረች፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝቡን ሰብስባ አነጋገረች፣ ፊርማ አሰባሰበች። ከዚያ ዋና ከተማዋ ስፕሪንግፊልድ ሄዳ በሸሪፉ ጠበቆች ፊት ለፊት ቆመች። ሕግ ያልተማረች ሴት ናት። ገዥው ቻርልስ ዲኒን ሸሪፉ አይመለስም ብሎ ወሰነ።

ያን ጊዜ ኬሮ ገና ሀብታም ከተማ ናት። ሆቴሉ፣ ቲያትሩ፣ የእንጨት ፋብሪካው ሁሉ ይሠራል። መውደቋ ሳይጀመር በፊት እንዲህ ነበረች ለማለት ነው።

የድሬ ልጅ መለሰ፦

ልቤ ነው የተሰበረው፣ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ግን ልጠይቅ፣ ለማወቅ ነው እንጂ ለክርክር አይደለም። ዘረኝነት ያልነበረበት የአሜሪካ ከተማ የታለ? ሜምፊስ ነበረባት፣ ሴንት ሉዊስ ነበረባት፣ ዛሬም አሉ። ታዲያ ኬሮ ብቻ ለምን?

ነርሷ ከካርቦንዴል መለሰች፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። እኔም ለራሴ ጠይቄዋለሁ።

እኔ እንደገባኝ አንተ ያልከው ባቡርና ድልድይ አቅሟን ወሰደው። የቀራት ትንሽ ነበር። ያንን ትንሽ ተካፍለው ቢይዙት ትንሽ ከተማ ሆና ትኖር ነበር፤ በዚያ ወንዝ ዳር እንደዚያ የሚኖሩ ብዙ ከተሞች አሉ። ትልቅ ከተማ ሲጣላ አንዱ ሰፈር ከሌላው ሸሽቶ ይኖራል። ኬሮ ግን ዙሪያዋን በግድብ ታጥራ የት ትሸሻለች? ያለው አንድ ገበያ፣ አንድ ገንዳ፣ አንድ ጎዳና ነው። ከ1960 እስከ 1970 ብቻ ከ9,348 ሰው ወደ 6,277 ወረደች። በአሥር ዓመት ከሦስት ሰው አንዱ። ድልድዮቹ እኮ ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ቆመዋል። የአይ-57 ድልድይ ደግሞ ገና አልተሠራም።

የድሬ ልጅ መለሰ፦

ቁጥሩ በቂ ነው። ተቀበልኩ።

ሰላም ከሴንት ሉዊስ መለሰች፦

ስለ ግድቡ ስታወሩ 2011 ትዝ አለኝ። ያኔ እዚህ አዲስ ገብቼ ነበር፤ ሌት ተቀን በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ግድቡን በፈንጂ አፈነዱት አይደል? የማን ግድብ ነበር? ከተማዋን ለማዳን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ገበሬዎቹም ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ታሪክ ወዳጅ መለሰ፦

አዎ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው የጀመረው። ሁለቱም ወንዞች አንድ ላይ ሞሉ። የኬሮ ግንብ እስከ 64 ጫማ ውሃ ነው የሚይዘው። ውሃው ግንቦት 2 ላይ 61.72 ደረሰ፤ ከ1937ም በላይ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ውሃ ከግድቡ አናት ሲፈስ ነው አደጋው ይመስለዋል። ትልቁ ፍርሃት ግን ከሥር ነው። ውጭ ያለው ውሃ ሲከብድ በግድቡ ሥር ባለው አሸዋ በኩል ተጭኖ ከተማው ውስጥ እንደ ምንጭ ይፈልቃል። ዝም ከተባለ አፈሩን ይዞ ይወጣና ግድቡን ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ያኔ ኬሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ትልቅ ፍልቅልቅ ወጥቶ ዙሪያውን በድንጋይና በአሸዋ ከበው ያዙት። ነዋሪው እንዲወጣ ታዘዘ።

ከ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ መንግሥት በሚዙሪ በኩል አንድ ሰፊ ሜዳ ለክፉ ቀን ብሎ አዘጋጅቶ ነበር። ውሃው ሲብስ የዚያን ሜዳ ግድብ አፈንድቶ ወንዙን ወደዚያ ማስተንፈስ ነው። በ1937 አንድ ጊዜ ተደርጓል። ሚዙሪ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረች፤ አልሆነላትም። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ግንቦት 2 ማታ አፈነዱት። 130,000 ኤከር የእርሻ መሬት ውሃ ሆነ። የኬሮ ውሃ ወዲያው መውረድ ጀመረ።

አሁን ሌላ ነገር ስሙ። በዚያ ሜዳ ውስጥ ፒንሁክ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። መሬት እንዳይገዙ በየቦታው የተከለከሉ ጥቁር ገበሬዎች በ1940ዎቹ የመሠረቷት ናት። ያንን መሬት ያገኙት ሌላው ስላልፈለገው ነው፤ ጎርፍ ሊለቀቅበት የታሰበ ሜዳ ነውና። መንጥረው፣ አርሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ኖሩ። በ2011 መንደሪቱ ጠፋች። ዕቃቸውን ያወጡት እርስ በርስ ተረዳድተው ነው።

ስለዚህ አንዱ የጥቁር ከተማ ሲድን ሌላው ጠፋ። እኔ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው መዳን ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ፒንሁክን ግን ቀድሞ ሄዶ «ኑ፣ እንርዳችሁ፣ መኪና አምጥተናል» ማለት ምን ያስቸግር ነበር?

መንገደኛው መለሰ፦

እናንተ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ሳነብ ነጋ።

አንድ ነገር ገረመኝ። ታሪክ ወዳጅ ስለ ወንዞቹ ሲጽፍ ፈልጌ አነበብኩ። እዚያ መገናኛው ላይ ብዙውን ውሃ ይዞ የሚመጣው ኦሃዮ ነው። ከሚሲሲፒ ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ ግን ስሙ የሚሲሲፒ ነው። ካርቱም ላይ የኛ አባይ ከነጭ አባይ ጋር ሲገናኝ ያለውን አስታወሰኝ። ክረምት ላይ የሚሞላው የኛው ነው። ሽማግሌው እዚያ ነጥብ ላይ ተቀምጠው ያጠምዱ ነበርና ደጋግሜ አሰብኳቸው።

አሁን የሚኖሩት ሰዎችስ? ምን ላይ ናቸው?

ነርሷ ከካርቦንዴል መለሰች፦

የደረሰባቸው በ2011 አላበቃም። ድሃው ሕዝብ የሚኖርበት የመንግሥት ቤት ነበር፤ ኤልምዉድና ማክብራይድ ይባላሉ። አስተዳደሩ ለዓመታት ሳይጠገኑ ተዋቸው። አይጥ፣ ሻጋታ፣ የማይሠራ ማሞቂያ። እኔ ራሴ ክረምት ላይ የምድጃ በር ከፍተው ሲሞቁ ያየሁበት ቤት አለ። በ2016 የፌደራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት አስተዳደሩን ተረከበ። በሚያዝያ 2017 ደግሞ አይጠገኑም፣ ሁለቱም ይፈርሳሉ ተባለ። አራት መቶ ገደማ ሰው ነበር፤ ግማሹ ያህል ልጆች። ከተማዋ ውስጥ ሌላ ኪራይ ቤት የለም። ስለዚህ «ውጡ» ማለት «ከኬሮ ውጡ» ማለት ነበር። ትምህርት ቤቱ በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ እንዳጣ አስቡት።

እኒያ እናት ግን አልሄዱም። የራሳቸው ትንሽ ቤት ነበረቻቸው። ልጃቸው ትልቅ ከተማ ነው፣ ነይ ይላቸዋል። «እናቴ እዚህ ተቀብራለች፣ እዚህ ተገፍቼ እዚህ ቀርቻለሁ» ይሉኛል። በፋሲካ ጊዜ ኬክ ጋግረው ይጠብቁኝ ነበር፤ እሳቸው ስኳር የተከለከሉ፣ ለእኔ ብቻ። እኔም አንድ ጊዜ ቡና አፍልቼላቸዋለሁ። ዕጣኑን በጣም ወደዱት። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

ሌላም አለ። የመጨረሻው የምግብ ሱቅ በ2015 ተዘግቶ ነበር። ሰው ቲማቲም ለመግዛት ድልድይ ተሻግሮ ኬንታኪ ወይ ሚዙሪ ይሄድ ነበር። መኪና የሌለው ደግሞ ጎረቤት ለምኖ ነው። በ2023 ነዋሪው አክሲዮን የገዛበት የኅብረት ሱቅ ተከፈተ። በዚያ ቁጥር ሕዝብ ሱቅ ማቆየት ከባድ ነው፣ እያንዳንዱ ወር ትግል ነው። ግን ስለ ኮሜርሻል ጎዳና ካወራን አይቀር ይህም ይነገር። ያን ጊዜ ልጃችንን ቅጠሩልን ብለው የለመኑ ሰዎች ልጆች የሱቅ ባለቤት ሆነዋል።

ሰላም ከሴንት ሉዊስ መለሰች፦

ነርሷ፣ እናትየዋን ነፍስ ይማር። እኔ ልጆቼን ይዤ ልሄድ ወስኛለሁ። ሽንት ቤት ብቻ ፈልገን ያለፍነው አሁን ከነከነኝ። ታሪክ ወዳጅ፣ ምን ላሳያቸው?

ታሪክ ወዳጅ መለሰ፦

በመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱን። ሳፎርድ ይባላል። አና ሳፎርድ ባለቤቷ ሲሞት በ1884 መታሰቢያ አድርጋ ያሠራችው ነው። ፊት ለፊቱ ሁለት ልጆች ሲታገሉ የሚያሳይ የጃኔት ስከደር ፏፏቴ ሐውልት አለ፤ ልጆችሽ ይወዱታል። በውስጡ ያለው እንጨት ሥራ ብቻውን ያስደንቃል። ከዚያ ማግኖሊያ ማኖር የሚባለውን ትልቅ ቤት። በጦርነቱ ጊዜ ለሠራዊቱ ዱቄት ሸጦ የከበረ ነጋዴ ነው የሠራው፤ ግራንት ፕሬዚዳንትነቱን ከጨረሰ በኋላ በ1880 አድሮበታል። ከመሄድሽ በፊት ክፍት መሆናቸውን ደውለሽ አረጋግጪ።

መጨረሻ ላይ መገናኛውን። ፎርት ዲፋያንስ ይባላል። ጸደይ ላይ አትሂዱ፤ ወንዙ ሲሞላ መናፈሻው ራሱ ውሃ ውስጥ ይገባል። መስከረምና ጥቅምት ጥሩ ነው።

መንገደኛው መለሰ፦

ሰላም፣ እኔም በዚያ ሰሞን በዚያው አልፋለሁ፤ ቀኑን ንገሪኝና እንገናኝ። ለሾፌር ወንድሞቼም አንድ ቃል። ተሳቢ ይዛችሁ ከሆነ በአሮጌው የኦሃዮ ድልድይ በኩል አትሂዱ፣ በጣም ጠባብ ነው። ከአይ-57 በመጨረሻው መውጫ ውጡና በግድቡ በር ግቡ። መብላት ከፈለጋችሁ ከትራክ ስቶፑ አትግዙ። ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት ውሃችሁንም፣ ፍራፍሬያችሁንም ከኅብረት ሱቁ ግዙ። ስሙን ደግሞ ኬሮ በሉ።